በባዶ ቦታ ላይ የቆመ ድጋፍ

ባለፈው ሰሞን፣ እኔም ከትልልቆቹ ተቆጥሬ በምገኝበት የመሐንዲሶች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ገና የተመረቀ ልጅ ጥያቄ ጣለ። የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራበት ላፕቶፕ ሊገዛ ነው፤ ምን ዓይነት ትመክሩኛላችሁ ይላል። የኛ ሰው ምክር ሲጠየቅ መቼም አይሰስትም። አንዱ ራሙ ላይ አትቆጥብ አለው፤ ሌላው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን የጽሕፈት መኪና ነው አለው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ዕቃ እንዳትነካ ብሎ የራሱን ባትሪ ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ዘረዘረለት። እኔ በረንዳዬ ላይ ሻይ ይዤ እያነበብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ቀጥሎ አንዱ፣ ማሽንህ ደካማ ቢሆንም አትጨነቅ፣ ማየት የማያስፈልግህን ነገር ሁሉ ከስክሪኑ ላይ አጥፋው፣ ይቀልልሃል ብሎ ጻፈ። ከሱ ሥር ሌላው ተሠርቶ ያለቀ የሕንፃ ሞዴል አያይዞ፣ ከዜሮ ከምትጀምር ይህን ወስደህ ልኬቱን ቀይር አለው። የልብ ምልክት ጎረፈለት። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። የኔ ሳቅ ግን እዚያው ላይ ጠፋ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ክረምት ካዛንቺስ ላይ የጀመረው ነገር ሙሉውን መጣብኝ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም አልቆየሁም። ካዛንቺስ ውስጥ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ባለች ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ጠዋት ደረጃውን ስንወጣ የቅቤና የቫኒላ ሽታ ይከተለናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከማዶ ካሉት ሥጋ ቤቶች የጥብስ ሽታ በመስኮት ይገባና ሒሳቡን ያስረሳናል። የዛሬ ልጆች ካዛንቺስ ሲባሉ የሚታያቸው ረጃጅም ሆቴልና የፈረሰ ሰፈር ነው። የኛዋ ካዛንቺስ የቆርቆሮ አጥርና ጠባብ በር ያላቸው ቤቶች፣ ከሥራ መልስ ሰው የሚሞላባቸው ሥጋ ቤቶች፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ነበረች። ኑሮዋ እንዲህ ነበር ብዬ ላሳምራት አልፈልግም፤ ጣሪያችን ያፈስ ነበር፤ መሐንዲሶች ተሰብስበን በባልዲ ውኃ እንቀበል ነበር።

የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ጌታሁን ይባላሉ፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ወፈር ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ኮት የማያወልቁ፣ እጅግ ደግ ሰው ነበሩ። እውቀቱን የሚደብቅ መሐንዲስ አይወዱም። ከየትም የመጣ ወጣት በራቸውን አንኳኩቶ ይገባል፤ ሻይ ይታዘዝለታል፤ ስለ ኮምፒውተሩም ስለ ሕንፃውም ምክር ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ፍላሽ ዲስኩ ላይ አንድ ፋይል ይገለበጥለታል። የልጁን ስም እንኳ አይጠይቁም ነበር። እገሌ ነው የላከኝ ካለ ይበቃቸዋል። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ጊዜ የተረፈው ነው ይሉ ነበር። ያንን ፋይል እኛ እናቲቱ እንላታለን፤ የቢሮው ሥራ ሁሉ ከሷ ነበርና የሚወለደው።

እናቲቱ፣ ጋሼ ከብዙ ጊዜ በፊት የሠሩት የአንድ ሕንፃ የኮምፒውተር ሞዴል ናት። ታቹ መኪና የሚሸጥበት ሰፊ አዳራሽ፣ ላዩ ቢሮ ነው። የዚያን ጊዜ ባለ ገንዘብ ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ታቹ ይከፈት፣ መሀል ላይ ኮለን አይቁምብኝ፣ መኪናዬ ከመንገድ ይታይልኝ። ኮለን፣ ማለትም ምሰሶ፣ የሌለበትን ቦታ አንድ ትልቅ ቢም ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ይሸከመዋል፤ በላዩ ፎቆቹ ይቀመጣሉ። ስለዚህ አዲስ ሥራ ሲመጣ እናቲቱን እንገለብጥና ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የፎቁን ብዛት እንቀይራለን። የቀረውን ሁሉ እሷው ተሸክማ ትመጣለች።

ኮምፒውተሮቻችን ግን ለወሬም አይመቹ። መብራት በሄደ ቁጥር ዩፒኤሶቹ በአንድነት ይንጫጫሉ፤ ሞዴሉን ትንሽ ላዙር ያለ ሰው ወርዶ ሻይ በፓስቲ በልቶ ሲመለስ ማሽኑ ገና እያሰበ ነው። ለዚህ ጋሼ አንድ ደንብ ነበራቸው። የማትፈልጉትን ከስክሪን አጥፉ፣ መስመሮቹ ብቻ ይቅሩ ይላሉ። ቀለሙም ጥላውም የሳፖርቱም ምልክት ይጠፋል። ሳፖርት ማለት ሕንፃውን የሚያሰላውን ፕሮግራም፣ እዚህ ጋ ከሥር የያዘህ ነገር አለ፣ ወደ ታች አትወርድም ብሎ መንገሪያ ነው፤ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሆና ትሳላለች። ቦታዋ ሁልጊዜ መሠረቱ ላይ ስለሆነ ብትታይ ባትታይ ማን ግድ አለው? ቢሮው የገባ አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ማጥፋት ነበር፤ ጎበዝ የሚባለውም ቶሎ ያጠፋ ነው።

በዚያ ዓመት መስቀል ፍላወር አካባቢ የኛ ዲዛይን የሆነ አንድ ሕንፃ እየተሠራ ነበር። የሳይት መሐንዲሱ ቢኒያም ነው፤ የክፍል ጓደኛዬ፣ ረጅምና ቀጭን፣ በራሱ ቁመት የሚቀልድ ልጅ። እወደው ነበር። አልነገርኩትም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ቢሮ ሲመጣ ቦት ጫማው ጭቃውን በየደረጃው ያራግፋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ትራገማለች፤ እኔ ደግሞ ጭቃውን ሳይ መምጣቱን አውቅና ፀጉሬን እነካካለሁ። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቀን እንደዚያው መጣና ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

"ሂሩት፣ ይሄ ትልቁ ቢም አልቀጠነም? ማለቴ፣ ላዩ የሚቀመጠውን አስቢው እስቲ።"

ሥዕሉን ይዘን ጋሼ ዘንድ ገባን። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እናቲቱ ላይም ቢሙ እንዲሁ መሆኑን፣ ያ ሕንፃ እስከ ዛሬ ያለ እንከን መቆሙን፣ ማሽኑም አልፏል ማለቱን ነገሩን። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። ቢኒያም ሥዕሉን ጠቅልሎ ሄደ፤ ቢሙ በኮንክሪት ተሞላ፤ በላዩ ፎቆቹ ተከታትለው ወጡ። ክረምቱን በሙሉ ያ የመኪና አዳራሽ ሊሆን የታሰበው ቦታ በባሕር ዛፍ ድጋፍ ተሞልቶ ጫካ መስሎ ከረመ። ሕንፃው እስኪጠነክር በእንጨቶቹ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ እንጨቶቹ ይወጡና በራሱ ይቆማል። የሁሉም ሕንፃ ወግ ይኸው ነው።

ነሐሴ ላይ አዲስ ኮምፒውተር መጣልን። ጋሼ ስለዚያ ማሽን ስንት ወር ሙሉ ሲያማክሩና ሲማከሩ እንደከረሙ ካዛንቺስ ያውቃል፤ ኬክ ቤት ያለችው ገንዘብ ያዥ እንኳ ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሆነ ልትነግራችሁ ትችል ነበር። በገባበት ቀን ከማዶ ጥብስ ታዝዞ ተበላ። በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል፤ እኔ ፕሮግራሙን አዲሱ ማሽን ላይ ልጭን ተቀምጫለሁ። ቢኒያም ደወለ። ዛሬ ድጋፉን እናወጣለን፣ ባለቤቱ ለእንቁጣጣሽ መኪና ላስገባ ብሎ ነው አለኝ። ከዚያ ትናንት ጥብስ እንደበላን ሰምቶ እንደተቀየመኝ ተናግሮ ስልኩን ዘጋው።

ፕሮግራሙ ተጭኖ ሲያልቅ ምን ልክፈት አልኩና የመስቀል ፍላወሩን ሕንፃ ከፈትኩ። ለጨዋታ ነው። አዲሱ ማሽን የኛን የማጥፋት ልማድ አያውቅም፤ ሁሉንም ነገር ከነቀለሙ አሳየኝ። ሕንፃውን በመዳፊቱ ይዤ አዞርኩት፤ እንደ ውኃ ይሄዳል። ከሥሩ አየሁት፣ ከላዩ አየሁት። ከዚያ በዚያ ባዶ አዳራሽ መሀል፣ ልክ ከትልቁ ቢም ሥር፣ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ነገር አየሁ። የኬክ ፍርፋሪ መሰለኝና ስክሪኑን በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩት። አልተጠረገም። ሕንፃውን ሳዞረው አብሮ ዞረ።

ሦስት ማዕዘን ናት። መሬቱ ላይ አይደለችም፤ ከሥሯ ምንም በሌለበት አየር ላይ ቆማ ቢሙን ይዛለች። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ጊዜ ቢሙ መሀሉ ላይ የተደገፈ እየመሰለው ነበር አልፏል የሚለን። አጠፋኋትና እንደገና አሰላሁት። ማሽኑ ፈጣን ስለሆነ መልሱ አልዘገየም። ቢሙ ከዳር እስከ ዳር ቀላ፤ አይችልም ማለት ነው። እናቲቱን ከፈትኳት። እሷም ላይ አለች።

የቢኒያምን ስልክ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። ጋሼ ክፍል ስገባ እንግዳ ነበራቸው፤ ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ ጺሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ወጣት መሐንዲስ፣ ሻዩን ጨርሶ ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ላይ እየነቀለ ነው። ጋሼን አንድ ነገር ላሳይዎት ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ስክሪኑን አዩት። ገና ምንም ሳልናገር ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እዚያ ኮለን አለ" አሉ ቀስ ብለው። "የእናቲቱ ሕንፃ ባለቤት ግንባታው መሀል ላይ ፈርቶ ኮለን ይቁምልኝ አለ፤ አቆምንለት። እኔ ማሽኑ እንዳይከብደው ብዬ ኮለኑን ከመሳል ይልቅ ሳፖርት አደረግሁበት።" ስክሪኑን በጣታቸው ነኩ። "እዚያ አለ። እዚህ የለም።"

ቀይ ሹራቡ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጋሼ በቃ ልሂድ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ። ጋሼ ዞር እንኳ ሳይሉ እጃቸውን አነሱለት። ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት። ድጋፉን ዛሬ እያወጡ ነው አልኳቸው ለጋሼ፤ ወዲያው እኛም ተከትለን ወረድን። እኔ ያኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። በኛ ሥራ ድጋፍ ሲወጣ የሳይቱ መሐንዲስ ከሠራተኞቹ ጋር ከሥር ይቆማል፤ ማንም አያስገድደውም፤ ራቅ ብሎ የሚያዝዝ መሐንዲስ ግን ስሙ በክብር አይነሣም። ቢኒያም ደግሞ ሁልጊዜ መሀል ላይ ነው የሚቆመው።

የጋሼ ቮልስ መጥረጊያው አንድ ብቻ ነው የሚሠራ። መስቀል አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ጎርፍ ውስጥ ቆሟል። ጋሼ መስታወቱን በመዳፋቸው እየጠረጉ ወደፊት ያያሉ። እኔ በስልኬ እደውላለሁ፤ ያቺ የቴሌ ሴትዮ ደንበኛው ሊገኙ አይችሉም ትለኛለች። ድምፅዋ ሁልጊዜ ትሑት ነው፤ የዚያን ቀን ግን የምታውቀው ነገር ያለ ይመስል አስፈራችኝ። በመጨረሻ ጋሼ መኪናውን ጠርዝ ላይ አወጡትና ቁልፉን እንኳ ሳይነቅሉ ወረዱ።

ሮጥን። ያን የሚያህሉ ሰው በኮት ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። በመንገዱ ዳር ሴቶች በፕላስቲክ ተከልለው እሸት በቆሎ ይጠብሳሉ፤ የፍሙና የበቆሎው ሽታ ከዝናቡ ጋር አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሰው ያየናል፤ ሌባ ነው እንዴ የሚሮጠው ይላል። ከዚያ ወዲህ የበቆሎ ጥብስ አልበላም። ሰው ሲጋብዘኝ ጥርሴን እላለሁ።

ሳይቱ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የመዶሻ ድምፅ ነው። ልቤ መለስ አለ፤ ቢያንስ ሕንፃው ቆሟል። ወዲያው ግን ውስጡን አየሁ። መሀል ላይ ያሉት ድጋፎች ከፊሎቹ ወጥተው ዳር ተከምረዋል። የቀሩት ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። ሠራተኞቹ አንዱን ከብበው እግሩን በመዶሻ ይመታሉ፤ አይነቃነቅም። ፎርማኑ፣ እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው፣ ትልቁን መዶሻ አምጡ እያለ ይጣራል። ቢኒያም በረጅም ቁመቱ ከቢሙ ሥር ቆሞ አንዱን ድጋፍ በትከሻው እየገፋ ነበር። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ኪሱ ውስጥ ነው።

ጋሼ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ በሩ ላይ ቆሙ። አልጮኹም።

"መዶሻውን አስቀምጠው" አሉት ሠራተኛውን።

"ኢንጂነር፣ እንጨቱ አብጦ ነው እኮ" አለ ቢኒያም።

"አላበጠም። ሕንፃው ነው የተቀመጠበት።"

ሁሉም ወደ ላይ ቀና አሉ። ከቢሙ ሆድ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር በቀስታ ይወርዳል፤ ቀጭን ስንጥቅ መሀሉን ይዛ ወደ ጎን ሄዳለች። ከእንጨቶቹ አንዱ ቀጭ አለ። ሠራተኞቹ እግራቸውን እያነሱ ወጡ፤ ፎርማኑም ወጣ። አልፈርድባቸውም። የወጡት ድጋፎች ተመልሰው መግባት አለባቸው፤ ለመመለስ ደግሞ አንድ ሰው ከሥር መግባት አለበት። ፎርማኑ ሰው አላዝዝም፣ የልጆች አባቶች ናቸው አለ። ልክ ነበር። ጋሼ ኮታቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ኮት አየኋቸው፤ ትከሻቸው ከገመትኩት በላይ ያነሰ ነበር። ከሥር ገቡ። ቢኒያም እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ተከትሏቸው ገባ።

እኔ ዳር ላይ ቆሜ እንጨት አቀብል ነበር። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። የማስታውሰው በእያንዳንዱ ድጋፍ ሥር ሽብልቅ ሲገባ የሚሰማውን ድምፅና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ዝምታ ነው፤ ሁላችንም ጆሯችን ወደ ላይ ነው። እንጨቱ እጄን ሰንጥቆት ነበር፤ አልታወቀኝም። ቢኒያም አንዴ ዘወር ብሎ፣ አንቺ ውጪ፣ በቃ ለኛ ተዪው አለኝ። አልወጣሁም፤ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ ጀግንነት አይደለም። የመጨረሻው ድጋፍ ሲገባ ዱቄቱ መውረዱን አቆመ። ወደ ማምሻው ከሌላ ሳይት የብረት ድጋፍ ተለምኖ መጣና ሠራተኞቹ ራሳቸው ገብተው አቆሙት።

ሕንፃው ተረፈ። መሀል ላይ ኮለን ቆመበት፤ ባለቤቱ መኪናዬን ከለለብኝ እያለ ለዓመታት ሲሰድበን ኖረ፤ ስድቡን እንደ ምርቃት ነበር የምንሰማው። ቢኒያምን አገባሁት ብላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። አላገባሁትም፤ ሌላ አገባ፤ ልጆቹ ቁመቱን ወርሰዋል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ለጨዋታ ባወራሁት ነበር። ያን ዕለት ምሽት ሦስታችን እዚያው አካባቢ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ማንም አልበላም። ጋሼ እናቲቱን የሰጧቸውን ሰዎች በላካቸው ሰው ስም እየጠሩ፣ ነገ ሁሉንም አገኛቸዋለሁ ይላሉ። እገሌ የላከው ገና በወረቀት ላይ ነው፣ እገሌ የላከው ታቹን አልከፈተውም። ከዚያ በመሀል አቆሙና እኔን አዩኝ።

"የጠዋቱ ልጅ" አሉ። "ያ ቀይ ሹራብ የለበሰው። ስሙ ማን ነበር?"

አላውቅም። ቢኒያም አላየውም። ጋሼም አልጠየቁትም። ልኮኛል ያለውን ሰው በማግስቱ ሲጠይቁት፣ እኔ የላክሁት ሰው የለም፣ የጓደኛ ጓደኛ ይሆናል አላቸው። ጋሼ የሚያስታውሱት ልጁ ሻዩን ያለ ስኳር እንደጠጣ፣ ሕንፃው ስታዲየም አካባቢ እንደሆነና ባለቤቱ ታቹ ይከፈትልኝ እንዳለ ብቻ ነው። የቢሮአችንን የቀድሞ ሥራዎች ፈትሸን አስተካከልን፤ የቀሩትን ወጣቶችም አንድ በአንድ አገኟቸው፤ ሁሉም አስተካከሉ። እሱን ግን በየቢሮው፣ በየተመራቂው፣ በየሰርጉና በየለቅሶው ቢጠይቁ የሚያውቀው ጠፋ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደው ነገሩ፤ የተቀበላቸው ሰው በአክብሮት ሰምቶ፣ የትኛው ሕንፃ ነው አላቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ስታዲየም ዙሪያ መዞር ጀመሩ። አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ባዩ ቁጥር ታቹ ገብተው ወደ ላይ ያያሉ። ደላሎች ቤት የሚገዙ መስሏቸው ይከተሏቸው ነበር። አንዳንዴ እኔም አብሬ እሄድ ነበር፤ ሲደክማቸው ጁስ ቤት እንቀመጣለን፤ ያኔም ዓይናቸው ጣሪያ ላይ ነው። ቢሮው ለመጣ ሰው ምክር መስጠት አላቆሙም፤ ፋይል ግን ለማንም አልሰጡም። የታመሙ ጊዜ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ስለ ሕመማቸው ላወራ ስል አቋርጠውኝ፣ ስታዲየም ሄደሽ ነበር አሉኝ። ሄጄ ነበር አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ጥያቄው ለኔ ቀረ።

ለዚያ ለቴሌግራሙ ልጅ፣ ያገኘኸውን ማሽን ግዛ፣ ግን ሁሉንም ነገር አብርተህ እየው ብዬ ጻፍኩለት። አንዱ ማሽኑን ይከብደዋል እኮ እትዬ ብሎ ሳቀብኝ። ይክበደው።

በዚያው ሳምንት መነጽሬን ላሠራ ስታዲየም አካባቢ ሄጄ ነበር። እስኪደርስ አረፍ ልበል ብዬ ከአንድ ሕንፃ ሥር ያለ ካፌ ገባሁ። ሰፊ ነው፤ መሀሉ ላይ ኮለን የለውም። ጣሪያው በነጭ ጂፕሰም ተሸፍኗል፤ ከሱ በላይ ያለው አይታይም። ቤቱ ሞልቷል። መሀል ላይ ጠረጴዛ ገጣጥመው የሆነ መሥሪያ ቤት ሰዎች ለጡረታ የሚወጣ ባልደረባቸውን ይሸኛሉ፤ ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሣል። እኔ እፈራለሁ፤ ሳልደብቅ ልናገር፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ፈርቻለሁ። ምናልባት ልጁ በኋላ ስህተቱን አይቶት ይሆናል። ምናልባት የሱም ሕንፃ ባለቤት ፈርቶ ኮለን አቁሞ ይሆናል። ምናልባት ሕንፃው ጭራሹን አልተሠራም። ወይም ተሠርቶ በትዕግሥት ቆሞ፣ ጭነት እየተጨመረበት፣ ወንበር እየገባበት፣ ሰው እየተሰበሰበበት ይሆናል። ኮንክሪት ሲከፋው ቶሎ አይናገርም።

አስተናጋጇ ወደ ላይ ሳይ አይታ፣ ምነው እናቴ፣ ያፈሳል እንዴ አለችኝ። አያፈስም አልኳት። ይህን ሕንፃ ማን እንደሠራው ታውቂ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"እኔ እንጃ። ባለቤቱም ገዝቶት ነው። ምነው?"

ምን ልበላት? ተነሡ ልበል? በየትኛው ማስረጃ? ነገ ደግሞ ሌላ ካፌ ገብቼ ያንኑ ልል ነው። ሻዩን ሳልጨርስ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ወደኋላ አየሁ፤ ሰዎቹ ለፎቶ ጠጋ ጠጋ ብለው መሀል ላይ ቆመዋል። ከዚያ ወደ ጎን ዞርኩ። የሚቀጥለውም ሕንፃ ታቹ ክፍት ነው።